ጎማው እስኪቆም

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚለካው በጎማ ነበር።

ሰፈራችን ከፈረንሳይ ሰፈር ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ታጥፎ ዳገቱን የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። እጥፋቱ ላይ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሳይክል ጠጋኝ የቆርቆሮ ቤት ነበራቸው። ቤት አልኩት እንጂ ሦስት ሰው ከገባበት አራተኛው ውጭ ነው የሚቀረው። በሩ ላይ አንድ አሮጌ ሳይክል ተገልብጦ ቆሟል፤ ኮርቻውና መሪው መሬት ላይ፣ ጎማው ወደ ሰማይ። የኋላ ጎማው የለም። የፊተኛው ግን ነበር፤ ላስቲኩ አልቆ ቸርኬውና ሽቦዎቹ ብቻ የቀሩት፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት ሹሹሹ እያለ የሚዞር።

ሕጉ እንዲህ ነው። ወደ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ጋሽ ወርቁ ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ ተራው የደረሰ ልጅ ጎማውን ይገፋል። አንድ እጅ፣ አንድ ግፊት፣ በቃ። ጎማው እስከዞረ ድረስ ጋሽ ወርቁ ተረት ያወራሉ። ጎማው ሲቆም ያቆማሉ። የትም ይድረስ የት ግድ የላቸውም። «ከዚያ በቅሎዋ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ…» ይሉና ጎማው ቀጥ። አፋቸውም ቀጥ። ፒንሳቸውን አንስተው ሳጥን ውስጥ ይወረውሩታል።

«ወደ የት ጋሽዬ? አንገቷን ወደ የት?»

«ለነገ።»

«አንድ ቃል ብቻ!»

«እኔን ምን ታደርጊኛለሽ፣ ጎማውን ጠይቂው።»

ያኔ እኛ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ጋሽ ወርቁ ፋኖሳቸውን ምስማር ላይ ሰቅለው ነው የሚያወሩት። እግራቸው ሥር ማንደጃ አለ። ከሰሉ ለማብሰያ አልነበረም፤ የተበሳ ጎማ ሲለጥፉ የሚያግሏት አንዲት ጠፍጣፋ ብረት ነበረቻቸው፣ ለእሷ ነው። ሥራው ሲያልቅ ፍሙ ይተርፋል፤ እኛ ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታና ከላይ ከጫካው የሚወርደው የባህር ዛፍ ቅጠል ጭስ ተደባልቆ ልብሳችን ውስጥ ይገባል። እማዬ ሁሌ «ደግሞ ጎማ ጎማ ሸተሽ መጣሽ» ትለኝ ነበር። ፋኖሱ ከጎማው ጀርባ ስለሆነ የሽቦዎቹ ጥላ ጋሽ ወርቁ ፊት ላይ ይሮጣል። ጎማው ሲፈጥን ጥላው አይታይም፣ ፊታቸው ሙሉ ነው። ሲደክም ግን ጥላው አንድ አንድ እያለ ይለያያል፤ በግንባራቸው፣ በአፍንጫቸው፣ በከንፈራቸው ላይ ያልፋል። ተረቱ ሊያልቅብን መሆኑን ከፊታቸው ላይ እናነበው ነበር።

ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይክል ሲሠሩ ኖረው አንድም ቀን ነድተው አያውቁም። ግራ እግራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀጭንና አጭር ነበር፣ በክራንች ነው የሚሄዱት። ስለዚህ የሠሩትን ሳይክል የምንሞክርላቸው እኛ ልጆቹ ነን። ዳገቱን ትንሽ ወጥተን፣ ቁልቁል ለቀነው ወርደን፣ የተሰማንን እንነግራቸዋለን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«እህ፣ ምን ይላል?»

«ወደ ቀኝ ይስባል ጋሽዬ።»

«ሁሌ ነው ወይስ ፍሬን ስትይዢ?»

«ፍሬን ስይዝ።»

«ንፋሱስ? ንፋሱ እንዴት ነበር?»

ንፋሱ ለጥገናው ምን እንደሚያደርግ ያኔ አልገባኝም ነበር። ብቻ እነግራቸዋለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፣ ቀሚሴን ነፋው፣ ዓይኔን አስለቀሰኝ እላለሁ። እሳቸውም «እሺ፣ እሺ» እያሉ ፍሬኑን ያጠብቃሉ።

የዚያን ዓመት ተረት የዳማ ነበር። ዳማ የዘይት መጭመቂያ የምታዞር በቅሎ ናት። ከአንድ ግንድ ጋር ታስራ ከጠዋት እስከ ማታ ትዞራለች። እንዳያዞራት ብለው ዓይኗን በጨርቅ ሸፍነዋታል። ስለዚህ ዳማ ዙሪያ የምትዞር አይመስላትም፤ ቀጥ ብላ ወደ ሩቅ አገር የምትሄድ ነው የሚመስላት። ጌታዋ ደግሞ እንዳትቆምበት ከኋላዋ እየተከተለ አገር ይነግራታል። «አይዞሽ ዳማ፣ አሁን ወንዙን ተሻገርን። አሁን ጤፍ ማሳ ዳር ነን። ይቺን ዳገት ከወጣን ከተማው ይታያል።» በየቀኑ አዲስ አገር ነው። የቤቱ ሁሉ በር በጣም ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ከተማ አለ። ሰዎች ገበያ ወጥተው ስማቸውን የሚቀያየሩበት አለ። ቀትር ላይ ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ አለ። ዳማም «ስንት ቀረን?» ትላለች፤ ጌታዋም «ትንሽ ናት» ይላታል።

እኛን እንቅልፍ የነሳን ሌላ ነገር ነበር። ጨርቁ ቢወልቅስ? አንድ ቀን ዳማ ዓይኗን ብትገልጥስ? የጎረቤታችን ልጅ ሚኪ፣ እኩያዬ ነው፣ «በርግጫ ትገለዋለች፣ አለቀ» ይል ነበር። እኔ ደግሞ ዳማ በሐዘን የምትሞት እየመሰለኝ ፍራሼ ላይ ሆኜ ስንት ቀን አለቀስኩ።

አንድ ግፊት ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው፣ ቢበዛ ሦስት። ለዳማ አገር ይሄ አይበቃም። ስለዚህ ጎማውን የምናስቆይበት ዘዴ መፈለግ ጀመርን። መጀመሪያ ሚኪ ከእናቱ ጓዳ የምግብ ዘይት ሰርቆ መጣና ጎማው መሃል ላይ ገለበጠው። ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ጎማው ጭራሽ እያለቀሰ መዞር ጀመረ። ጋሽ ወርቁ ፈተው በጋዝ አጠቡት።

«ወጥ ልትሠራበት ነው እንዴ ሚኪዬ? ሽንኩርቱንስ የት ረሳኸው?»

ከዚያ በግራሶ ቀቡት፤ መሃሉ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ የሚወደው ግራሶ ነው ብለው። እውነትም ትንሽ ቆየ። ግን አልበቃንም።

መፍትሔው የተገኘው ከእማዬ እንዝርት ነው። እማዬ ማታ ማታ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አንዴ አንከባልላ ስትለቀው ቀጥ ብሎ ቆሞ እየዞረ ይንጠለጠላል። እንጨቱ ላይ አንዲት ክብ ነገር አለችበት። «እማዬ፣ ይቺ ባትኖርስ?» አልኳት። «ሁለቴ ዞሮ ይቆማላ» አለችኝ።

በማግስቱ ከጋሽ ወርቁ ሳጥን ስምንት ቡሎን ለምኜ ጎማው ላይ አሰርኩ፤ በውስጥ ጎማ ቁራጭ። መጀመሪያ ለማሰር ስለሚቀል መሃል አካባቢ አሰርኳቸው። ምንም ለውጥ የለም። ሚኪ «ኢንጂነሯ መጣች» እያለ ሳቀብኝ። በሚቀጥለው ቀን ፈትቼ ዳር ዳሩን፣ ቸርኬው ላይ፣ እኩል እኩል አራርቄ አሰርኳቸው። የዚያን ቀን ተራው የኔ ነበር። ገፋሁት። ዳማ ወንዝ ተሻገረች፣ ገበያ ገባች፣ ስሟን ቀየረች፣ ስሟን አስመለሰች፣ ጎማው ገና ነው። ጋሽ ወርቁ መሃል ላይ ጉሮሯቸው ደርቆ ውሃ ለመኑ።

ሲቆም ቡሎኖቹን በጣታቸው ነካኩና «ለምን ዳር ላይ አሰርሽው?» አሉኝ።

«መሃል ያለው ትንሽ መንገድ ነው የሚሄደው። ዳር ያለው ግን ብዙ ነው የሚሄደው። ብዙ መንገድ የለመደ ነገር ቶሎ አይቆምም ብዬ ነው።»

እሳቸውም ጎማውን ከሳይክሉ ፈቱት። መሃሉን አልፎ በሁለት ጎን የሚወጣውን ብረት በሁለት እጄ አስያዙኝና ጎማውን በጣም አዞሩት። «በይ አሁን አጋድሚው» አሉኝ። አጋደልኩት። እምቢ አለ! እኔ ወደ ታች ስለው እሱ ወደ ጎን ይሄዳል። ጎማ ሳይሆን ወደ ገበያ የሚጎትቱት በግ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ከጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ የሚዞር ወንበር ነበረው፤ ሚኪን እዚያ ላይ አስቀምጠው ጎማውን አስያዙት። ሚኪ ጎማውን ሲያጋድል ወንበሩ ይዞት መዞር ጀመረ። ማንም አልነካውም።

«በስመ አብ! ጋሽዬ አውርዱኝ! ሰይጣን ነው!»

«ዝም በል፣ የምን ሰይጣን። አጋደልከው፣ እሱ ደግሞ አዞረህ። የቆመ ጎማ ወደ ገፋኸው ይወድቅልሃል። የሚዞር ጎማ ግን የራሱ ሐሳብ አለው።»

ያኔ እንዴት እንደሳቅን። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ ይስቃል፣ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠለት ሰውዬም በፎጣው እንደታሰረ ወጥቶ ይስቃል።

ከዚያ አባዬ የኮንዶሚኒየም እጣ ወጣለት። የካ አባዶ። ቤታችን እልል ተባለ፣ ጎረቤት መጣ፣ እማዬ አለቀሰች። እኔ የካ አባዶ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ብቻ ሩቅ እንደሆነ ከአባዬ ድምፅ ገባኝ። የምንሄደው ቅዳሜ ጠዋት ነው ተባለ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ደግሞ ጋሽ ወርቁ «የዳማ ጨርቅ ቋጠሮው መላላት ጀመረ» አሉና ጎማው ቆመ። እንግዲህ የቀረችኝ አንዲት ዓርብ ናት። ተራውም የሚኪ ነው።

ሚኪ ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቆ «ተራዬን ውሰጂ» አለኝ። «ግን እንዳትለምጂ።»

ያን ቀን የተማርኩት ነገር የለም። ስምንት ቡሎን ያን ያህል ካስኬደ አርባ ቡሎን የት ያደርሳል እያልኩ ሳሰላ ዋልኩ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ሮጬ ሄጄ ማሰር ጀመርኩ። አርባ ቡሎን፣ ትልልቁን እየመረጥኩ፣ ቸርኬውን ሙሉ ዙሪያ። ጋሽ ወርቁ ጎማ እየለጠፉ በዓይናቸው ያዩኛል።

«ቲጂዬ፣ በዛ።»

«ይሁን ጋሽዬ፣ ብዙ ነው የምፈልገው።»

«እጅሽንስ አይተሽዋል?»

እጄን አየሁት። ግራሶ ነበረበት። በቀሚሴ ጠረግኩት። እሳቸው ያሉት ስለ ሌላ ነገር እንደሆነ የገባኝ ሰዓቱ ደርሶ ጎማውን ስገፋ ነው። አልሄድ አለኝ። ባለኝ ኃይል ሁሉ ገፋሁት፤ እየተንፏቀቀ ዞረ። ውሃ የሞላ በርሜል የገፋሁ ነው የሚመስለው። የሽቦዎቹ ጥላ ገና ከመጀመሪያው ጋሽ ወርቁ ፊት ላይ አንድ አንድ እያለ ይሄዳል። እሳቸው ሲቸኩሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ትንፋሽ ሳይወስዱ አወሩ።

«ቋጠሮው ተፈታ፣ ጨርቁ ወደቀ፣ ዳማ ዓይኗን ገለጠች፣ መጭመቂያውን አየች፣ ግንዱን አየች፣ በገዛ ኮቴዋ የተቆፈረውን ክብ መንገድ አየች፣ ዞር ብላ ጌታዋን አየችውና እንዲህ አለችው…»

ቆመ።

ሚኪ ጎማው ላይ ተደፍቶ «ይነቃነቃል! ጋሽዬ ሙት ይነቃነቃል!» ይላል።

«ንፋስ ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ለመንኳቸው። ጉልበታቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ነገ እኮ እሄዳለሁ አልኳቸው። ፒንሳቸውን አንስተው ሳጥን ውስጥ ሊጥሉ ሲሉ ተዉት፣ እጃቸው ላይ ያዙት። «ቡሎኖቹን አልፈታቸውም» አሉኝ። «ስትመለሺ አንቺው ትገፊዋለሽ።»

«አልመለስም! ሁለተኛ አልመጣም! ውሸታም ነዎት!» ብዬ ሮጬ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት አይሱዙው ዕቃችንን ጭኖ እጥፋቱን ሲያልፍ በራቸው ላይ በክራንቻቸው ቆመው እጃቸውን አነሱ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ፊቴን ያዞርኩት ነገር ነው ለስንት ዓመት ሲያመኝ የኖረው። የካ አባዶ ጥሩ ቤት ነበር፤ ውሃ ሲመጣ ቤት ውስጥ ነው የሚመጣው። ግን ወደ ድሮ ሰፈር ለመሄድ መገናኛ ድረስ አንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ሌላ፣ ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ ሌላ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እያልኩ ዓመቱ ዞረ። ከዚያ አባዬ ታመመ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደብተሬን አስቀምጬ የቀን ሥራ ገባሁ። ይኸው እስከዛሬ አሸዋ፣ ብሎኬት፣ ሲሚንቶ ነው። አሁን መገናኛ አካባቢ የሚሠራ ፎቅ ላይ ነኝ። ሊፍት ገና ስለሌለው ሁሉም ነገር በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ወጥቼ እወርዳለሁ፣ ወርጄ እወጣለሁ። አምስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ ሲከዳኝ ሳላስበው ከአፌ «አይዞሽ፣ አሁን ወንዙን ተሻገርን» የሚል ይወጣል። አብረውኝ የሚሸከሙት ሴቶች «ይቺ ልጅ ጀመራት» ይላሉ።

በቀደም አንድ የእጅ ጋሪ ሞልቼ ስገፋ ጠጠር መታውና ተገለበጠ። አሸዋው ፈሰሰ፤ ጋሪው በጀርባው ተኝቶ ጎማው ወደ ሰማይ መዞር ጀመረ። እኔ አካፋ ማንሳት ሲገባኝ ቆሜ አየዋለሁ። ፎርማኑ ከላይ ይጮሃል፣ እኔ አልሰማም። ለልምምድ የመጣ ናቲ የሚባል የኢንጂነሪንግ ተማሪ አለ፤ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ምን ሆንሽ?»

«እስኪቆም እየጠበቅኩ ነው።»

አፍሬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጎማውን፣ ስምንቱን ቡሎን፣ አርባውን ቡሎን። ካልነገርኩት እብድ ናት ይለኛል ብዬ ነው። እሱ ግን ዓይኑ በራ።

«ይሄ እኮ አንግላር ሞመንተም ነው! ኢሌቨን ፊዚክስ ላይ አለ።»

«እኔ ናይን ላይ ነው የወረድኩት።»

«ወራጅ አለ ብለሽ?» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ደንግጦ ፊቴን አየ። እኔም ስስቅ ተነፈሰ። በምስማር አሸዋው ላይ ክብ ሣለልኝ። የሚዞር ነገር ጉልበቱ ሦስት ነው አለኝ፤ ክብደቱ፣ ክብደቱ ከመሃል ያለው ርቀት፣ ፍጥነቱ። «ሁለቱን በልጅነትሽ ራስሽ አግኝተሻቸዋል። ፍጥነቱን ነው ያጣሽው። ያ ሁሉ ብረት ሲጨመርበት ክንድሽ አልቻለውም።»

«አሁን ቢሆንስ?»

ክንዴን አየውና «አሁንማ የኔን አንገት ትነቅያለሽ» አለኝ። ትንሽ ሄዶ ተመለሰ። «በቅሎዋ ግን ምን አለችው?»

«አልሰማሁም አልኩህ እኮ።»

«ሰውዬው አሉ?»

«አላውቅም።»

«ሂጂና እይያ! ለኔም እንቅልፍ ልትነሺኝ ነው እንዴ?»

እሁድ ጠዋት ሄድኩ። ሦስቱንም ታክሲ ስሳፈር የማስበው አንድ ነገር ነው። የሉም ቢሉኝስ? እጥፋቱ ሰፍቶ አስፋልቱ አዲስ ሆኗል፤ ላይ እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ የቤት መኪና ተሰልፎ ነው የሚወጣው። የቆርቆሮ ቤቷ የለችም። ቦታው ላይ ጁስ ቤት አለ። የጁስ ቤቱን ልጅ «እዚህ ሳይክል የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ…» ስለው «ነበሩ» ማለቴ ለኔው ከበደኝ። ልጁ ግን ወደ ኋላ በአውራ ጣቱ አሳየኝ። «ጋሽ ወርቁ? ጊቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነው።»

አሉ። ጠባብ ጊቢ ውስጥ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ክራንቻቸው ከጎናቸው። በጣም አርጅተዋል። ከኋላቸው አሮጌው ሳይክል እንደተገለበጠ ቆሟል፣ እርጥብ ፎጣና ሸሚዝ ተሰጥቶበታል።

«ጋሽ ወርቁ፣ እንደምን አደሩ? ቲጂ ነኝ።»

«የትኛዋ ቲጂ?»

«የቡሎኗ።»

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ፣ ብዙ አዩኝ። «አርፍደሻል» አሉ።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስስም መነሳት አቃተኝ። «ውሸታም ነዎት ብዬ…» ስል በእጃቸው ጭንቅላቴን ነካ ነካ አደረጉኝ።

«ተይ እስቲ። ስንቱ ሰድቦኛል፣ አንቺን ብቻ ላስታውስ? ፎጣውን አንሺና እዪው።»

አነሳሁት። አርባውም ቡሎን አለ። ዝጓል፤ ያሰርኩበት የውስጥ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ በላዩ ላይ ግን አዲስ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። መሃሉን በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ላይ ግራሶ ወጣ፣ ለስላሳ፣ አዲስ።

«በየዓመቱ እቀባዋለሁ» አሉ። «ምን ሥራ አለኝ?»

«ጋሽዬ፣ ያኔ ለምን አልጨረሱልኝም? አንድ ቃል እኮ ነበር የቀረው።»

«ብጨርስልሽ ትመጪ ነበር?»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሲሚንቶ ያሻከረው መዳፌን ቸርኬው ላይ አሳረፍኩና ገፋሁት። አንድ እጅ፣ አንድ ግፊት። ሄደ። ድምፁ የድሮው ሹሹሹ አልነበረም፤ ከሆዱ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ነው፣ ከሩቅ የሚመጣ የከባድ መኪና ዓይነት። ሽቦዎቹ ጠፉ። አርባው ቡሎን አንድ ጥቁር መስመር ሆነ። ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አዳመጡት፤ ከዚያ አሁን ውሃ ጠጥተው እንደተመለሱ ሁሉ፣ ካቆሙበት ቀጠሉ።

«…እንዲህ አለችው፣ ‹ያን ሁሉ አገር የነገርከኝ፣ አይተኸው ነው?› ጌታዋ አንገቱን ደፋ። ‹አይ ዳማ። እኔም ከዚህ ግንድ ርቄ አላውቅም። እንዳትቆሚብኝ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ በኋላ ግን ለራሴም ስል ነው ያወራሁት› አላት። ዳማ ክቡን መንገድ አየችው። እግሯን አየችው። ‹ውሸትህን ነው› አለችው፣ ‹እግሬ ግን ያን ሁሉ መንገድ እውነት ሄዷል። በል ና፣ ጀርባዬ ላይ ውጣ። አገሩን አንተ ታውቀዋለህ፣ መሄዱን እኔ እችልበታለሁ› አለችው። ወጣ። ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እዚያ መጭመቂያ ቤት ያያቸው የለም። አለቀ።»

ሚኪ ያላት እርግጫ የለችም፣ እኔ ያለቀስኩላት ሞትም የለም። ጎማው ግን አልቆመም። ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አልቆመም።»

«አልቆመም ጋሽዬ።»

«ሕግ ሕግ ነው። ቀጥዪ እንግዲህ።»

«እኔ? እኔ ምን ተረት አውቃለሁ?»

«የት ነበርሽ ይሄን ሁሉ ዓመት? ወጥተሽ ወርደሽ የለም እንዴ? ምን ይላል?» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። «ንፋሱስ እንዴት ነበር?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ንፋሱን ይጠይቁኝ የነበረው ለጥገናው አልነበረም። አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ፤ ቢሆንም አወራሁላቸው። ደረጃውን ነገርኳቸው፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ ስለምትከዳኝ ጉልበቴ፣ «ወንዙን ተሻገርን» ስል ስለሚስቁብኝ ሴቶች። ጣራው ላይ ስወጣ ንፋሱ ከየት መጥቶ አንገቴ ላይ ያለውን ላብ እንደሚያደርቀው፣ ሲሚንቶውን ከፀጉሬ ላይ አንስቶ ይዞት እንደሚሄድ፣ ከዚያ ላይ ሲታይ ከተማው ምን እንደሚመስል። «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። የጎማው ድምፅ እየሳሳ መጣ፤ ጠዋት ስለነበር በፋኖስ ፋንታ ፀሐይዋ የሽቦዎቹን ጥላ ፊታቸው ላይ አንድ አንድ እያደረገች ታሳልፈው ጀመር።

«አንድ ቀን ደግሞ ጣራው ላይ ቆሜ ወደዚህ፣ ወደ እንጦጦ ስመለከት…»

ቆመ። አፌን ዘጋሁ።

ጠበቁ። አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «ስትመለከቺ ምን?»

«ለሚመጣው እሁድ።»

«አንቺ ልጅ! አንድ ቃል!»

«እኔን ምን ያደርጉኛል፣ ጎማውን ይጠይቁት።»

ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። የጁስ ቤቱ ልጅ ምን ሆኑ ብሎ በአጥሩ አንገቱን አስገባ።

ሰኞ ለናቲ የበቅሎዋን መልስ ነገርኩት፤ «ቆንጆ ነው» አለኝ። የነገረኝን የእንግሊዝኛ ስምም አልረሳሁትም፣ አንዳንዴ ደረጃው ላይ ለራሴ እለዋለሁ። ክንዴ ማታ ማታ ያመኛል፣ እንደ ድሮው ነው፤ ብቻ እንደ ድሮው አልረግመውም። አርባ ቡሎን ያስኬደው እሱ ነው። ትናንት አሸዋ አውጥቼ ጣራው ላይ ሳራግፍ የአሸዋ መሸከሚያውን ባሬላ አስቀምጬ ትንሽ ቆምኩ። ንፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ አየሁ፤ ከእንጦጦ በኩል ነበር፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ትንሽ የቅጠል ጭስ ነገር አለበት። ፎርማኑ ጮኸብኝ። እኔ ግን በደንብ አስተዋልኩት፤ እሁድ ይጠይቁኛል።